ሰሊጥ የነካው ነገር እንዳይመጣ

አቶ ዋኘው የሞቱት በምርጫው ቀን ከምሳ በኋላ፣ ጊቫት ሃሞሬ በሚባል የእስራኤል ሰፈር ባለ የትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ፣ የመራጮች ዝርዝር ፊታቸው እንደተዘረጋ ነበር። ፊታቸው አበጠ፣ ጉሮሯቸው ተዘጋ። ከኪሳቸው የማይለየውን የመድኃኒት መርፌ ራሳቸው ጭናቸው ላይ ወጉት፤ አልደረሰላቸውም።

መርማሪ ሐረግ ስትጠራ ሌላ ምርጫ ጣቢያ ጠብ አብርዳ ገና መመለሷ ነበር። ከንጋት ጀምሮ አልተቀመጠችም። ደረጃው መሐል ላይ ቆም ብላ፣ «አምላኬ፣ የሚሰማ ጆሮ ስጠኝ» አለች። ሥራ ላይ የሚበጃት ጸሎት ይህ መሆኑን በብዙ ዓመት አውቃዋለች።

ምርጫው በተተኪ አስመራጮች ወደ ጎረቤት ክፍል ተዛውሯል። በዚህኛው ክፍል የቀሩት ሦስቱ የሟቹ የሥራ ባልደረቦች ናቸው፤ የጣቢያው ሊቀመንበር ኤይታን፣ የኮሚቴው አባል ቬሬድ፣ ሌላዋ አባል ደግሞ አሮጊቷ ወይዘሮ እታፈራሁ። አቶ ዋኘው ጸሐፊያቸው ነበሩ።

ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። የሟቹ ሰውነት ሰሊጥ አይቀበልም፤ አሮጊቷ ባመጡት ቆሎ ውስጥ ደግሞ ሰሊጥ አለ። ከረጢቱን ከፍቶ ያሳየው ራሱ ሊቀመንበሩ ነው።

ወይዘሮ እታፈራሁ የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተዋል። አላለቀሱም። ሐረግ ሌላ ትንሽ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ቆሎው ውስጥ ሰሊጥ ጨምረው ነበር?»

«ሰሊጥ ቤቴ መግባት ከተወ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ ልጄ። ዋኘው ሰንበት ሰንበት ይመጣ ስለነበር።» ዓይናቸውን አሹ። «ግን ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም። ገብሱ ሲገዛ ተቀላቅሎ መጥቶ ይሆን? ከሚስቱ ከዮዲት ጋር የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። በእኔ እጅ ከሞተ ለቅሶው ቤት በምን ፊቴ እገባለሁ?»

ሐረግ የማታውቀውን አትናገርምና አላጽናናቻቸውም። ስለ ቀኑ ውሎ ብቻ ጠየቀቻቸው፣ እሳቸውም ቀስ እያሉ ነገሯት። ሥራው ከንጋት እስከ ሌሊት ስለሆነ፣ ኤይታን ከሳምንት በፊት በስልክ ቡድን አቋቁሞ ማን ምን እንደሚያመጣ ጽፎ ነበር። ጠዋት ጨው ያለው ነገር፣ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ ሲጫን ጣፋጭ ነገር፣ ወረቀት የሚያበላሽ ጭማቂ ደግሞ በጭራሽ። ለእሳቸው ቆሎና ሻይ ደረሳቸው። ለቬሬድ ኪያርና ብርቱካን፣ ለዋኘው ውሃና የወረቀት ሳህን፤ ኤይታን እናቱ የምትጋግረውን ብስኩት ሊያመጣ ወሰደ። ከዝርዝሩ ሥር ዋኘው የጻፉትን መርማሪዋ በአሮጊቷ ስልክ ላይ አነበበችው፦ «ሰሊጥ የነካው ነገር እንዳይመጣ። ለእኔ ሞት ነው።» ሦስቱም «እሺ» ብለው መልሰዋል።

ቬሬድ እጅጌዋ ላይ የደረቀ ነጭ ጠብታ አለ። ሐረግ ዓይኗን እዚያ ስታሳርፍ ልጅቷ አልጠበቀችም።

«ጠሂና ነው፣ የሰሊጥ። ፈላፌል በላሁ፣ ግን መኪናዬ ውስጥ፣ ለሱ ብዬ። እጄን ሁለቴ ታጥቤ ነው የገባሁት።»

«ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«የፓርቲ ሸሚዝ ለብሼ መጥቼ፣ ካልቀየርሽ መግቢያሽን አልፈርምልሽም አለኝ። ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ አንቺ ሰነፍ እያለ ብርቱካን ልጦ ሰጠኝ። እንደዚህ ነው እሱ።» ነበር ማለት እንዳለባት ትዝ ሲላት ፊቷን አዞረች። የበሩ ጠባቂም መኪና ውስጥ ስትበላ ማየቱን ለሐረግ አረጋገጠላት።

ኤይታን ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ሕግ ተምሮ ጨርሶ የጠበቃነት ፈተና ይቀረዋል። ዓይኑ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

«ብስኩቱ የእማ ነው፣ ያለ ሱምሱም፣ ያለ ሰሊጥ። ዋኘውም ከመብላቱ በፊት ጠይቆኝ እንደዚሁ ነገርኩት።»

«ሰውዬውን ሲያወጡት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። እነሱ አብረው ወረዱ። ካልፒውን፣ የድምፅ ሳጥኑን፣ ብቻውን መተው አይቻልም፣ ሕጉ ነው። ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ።»

«ልክ ነህ» አለችው ሐረግ፣ እንደ መድከም ብላ።

ከዚያ ማንንም ሳታናግር ክፍሉን ዞረች። የዋኘው ወንበር ሥር ተንበረከከች፤ የገብስ ገለባ ተበትኗል። የቆሎውን ከረጢት ከፍታ ማንኪያ እስከ ታች ሰደደችና አወጣች። ከላይ ያለውን ሰሊጥ መዳፏ ላይ አድርጋ ወደ መስኮት አስጠጋች። የብስኩቱን ሳህንም እንዲሁ። አራት ክብ ብስኩቶች ቀርተዋል፣ በእንቁላል ተቀብተው የሚያብረቀርቁ። በመጨረሻ ኮሪደር ወጥታ አንድ ስልክ ደወለች፤ ከወዲያ የመለሰላት የሴት ድምፅ ገና ከእንቅልፍ የነቃ ነበር።

ስትመለስ ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀመጠቻቸው።

«ደክሟችኋል፣ እኔም ደክሞኛል» አለች። «አላረዝመውም። እትዬ፣ ቆሎ እንዴት ነው የሚበሉት?»

ወይዘሮ እታፈራሁ ግራ ገባቸው። «እንዴት ይበላል? በመዳፍ አሽቶ፣ እፍ ብሎ፣ ገለባውን አብንኖ ነዋ።»

«አቶ ዋኘውም እንደዚያ ነው የበሉት። ገለባው እግራቸው ሥር አለ። ቆሎው ውስጥ ያን ጊዜ ሰሊጥ ቢኖር ኖሮ ከገለባው ጋር እዚያው ይረግፍ ነበር። አንድም የለም። የበሉት ንጹሕ ቆሎ ነው።»

አሮጊቷ ራሳቸውን ቀና አደረጉ።

«ሰሊጥ ደቃቅ ነው። ከቤት ተቀላቅሎ አውቶቡስ ላይ እየተናጠ ቢመጣ ከታች ይዘቅጥ ነበር። እኔ ግን ከታች አላገኘሁም፣ ሁሉም ከላይ ነው። ስለዚህ የገባው ከረጢቱ እዚህ ከተቀመጠ በኋላ፣ አቶ ዋኘውም ከበሉ በኋላ ነው። ሁሉም ሲወርድ ማን ብቻውን ቀረ?»

ቬሬድ ቀስ ብላ ወደ ኤይታን ዞረች።

«ሕጉ እኮ…» አለ ኤይታን።

«ሕጉን አልነቀፍኩም። ሰሊጡን ልጨርስ። እያንዳንዱ ፍሬ ሥር የሚያብረቀርቅ ቡናማ ቅርፊት ተጣብቋል። እትዬ ቆሎ ሲቆሉ እንቁላል አይቀቡም። ብስኩቱ ላይ ደግሞ ጥቃቅን ጎድጓዳ ነጥቦች ሞልተዋል፤ አንድ ነገር ተጋግሮበት ኋላ በጥፍር የተነሣለት ይመስላል። እናትህን አነጋገርኳት። ሳምንቱን ሙሉ ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነበረች። ምንም አልጋገረችም።»

ኤይታን አንገቱ ላይ ያለውን የሊቀመንበርነት ካርድ ጨበጠ።

«ትጋግራለች ብዬ ነበር» አለ። «ጠዋት ኩሽና ስገባ ምንም የለም። አውቶቡስ ጣቢያው ጋ የተከፈተው አንድ ሱቅ ብቻ ነበር፣ ያለውም ይሄ ነው። ባዶ እጄን እንዴት ልምጣ? ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ። አውቶቡስ ላይ አንድ በአንድ አራገፍኩት፣ ምንም አልቀረም ብዬ። የራገፈው ሰሊጥ የብስኩቱ ከረጢት ውስጥ ቀረ።»

«ሲጠይቁህስ?»

«የለበትም አልኩ። የለበትም ብዬ አምኜ ነበር።» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ከዚያ ሲወድቅ ገባኝ። ፈተናዬ፣ እማ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ መጣብኝ። የእትዬ ቆሎ አጠገቤ ነበር፤ የራገፈውን ሰሊጥ እላዩ ላይ ገለበጥኩት። ትልቅ ሰው ናት፣ ተሳስታ ነው ይሏታል፣ ማንም አይቀጣትም ብዬ አሰብኩ። እትዬ፣ ይቅር በዪኝ።»

ከጎረቤት ክፍል የመራጭ ስም ሲጠራ ይሰማል።

«ብስኩቱን ስታራግፍ አላወቅህም» አሉት ወይዘሮ እታፈራሁ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «የኔን ከረጢት ስትከፍት ግን አውቀህ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ነፍሰ ገዳይ አድርገህ አስቀመጥኸኝ። አብረኸኝ ተቀምጠህ ታየኝ ነበር። ዛሬ ይቅር ልልህ አልችልም። አምላክ ካበረታኝ ሌላ ቀን እንሞክራለን።»

ሐረግ ለፖሊሱ ምልክት ሰጠችው። ኤይታን ሳይነገረው ተነሣ፤ የሊቀመንበርነት ካርዱን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ።

ቬሬድ አሮጊቷን ወደ ቤት በመኪና ላድርስዎ አለቻቸው። ወይዘሮ እታፈራሁ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ዮዲት ውሰጂኝ አሏት። ሐረግ ከኋላቸው በደረጃው ወረደች፤ የሦስቱም እርምጃ ቀስ ያለ፣ የደከመ ነበር። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ እታፈራሁ ግድግዳውን ያዙና «ዋኘው፣ ወንድሜ» ብለው ጮኸው ማልቀስ ጀመሩ። እስከዚያች ሰዓት ለማልቀስ መብት ያላቸው አልመሰላቸውም ነበር።