ወደ ውጭ የዞሩት ጭረቶች

ሩፈይዳ የገመጠችውን ዳቦ ማኘክ አቃታት። ከፊቷ ያለው ድንጋይ ያለ ወጉ ተቀምጧል።

ሌላ ሰው ቢያየው ምንም አይታየውም ነበር። የትምህርት ቤቱ አዲስ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ጉልበት ድረስ ደርሷል፤ ፈዘዝ ያለ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ነው፣ ደግሞም ያምራል። እሷ ግን በድንጋዮቹ ሰፊ ፊት ላይ ሦስት ሦስት አጫጭር ጭረቶች አየች። የአባቷ የኸይሩ እጅ ነው። ኸይሩ ድንጋይ ፈላጭ ነው። የአሸዋ ድንጋይ መሬት ውስጥ እንደተደራረበ ብርድ ልብስ በንብርብር ስለሚተኛ፣ ፈንቅሎ ሲያወጣው ወደ ሰማይ የነበረውን ፊት ሦስቴ ይጭረዋል። ግንበኛው ያንን ፊት ወደ ላይ አድርጎ ማስተኛት አለበት። እዚህ ግን ጭረቶቹ በሙሉ ወደ ውጭ ዞረዋል። ድንጋዮቹ በጎናቸው ቆመዋል። የጅማ ዝናብ በንብርብሩ መሃል ሰርጎ በሁለት በሦስት ክረምት ልጦ ልጦ ይጥላቸዋል።

ግንበኛው ጋሽ ቱሉ ክፉ ሰው አይደሉም። ዕድሜ ልካቸውን የገነቡት በጥቁር ድንጋይ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ እንዴትም ቢያስቀምጡት ቅር አይለውም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኸይሩ ከድንጋዩ ጋር በመኪና ይመጣና የመጀመሪያውን ቀን ከግንበኛው ጎን ቆሞ ያሳያል። ዘንድሮ አልመጣም። እንዳይመጣ ያደረገችው ሩፈይዳ ናት።

ነገሩ የጀመረው መስከረም ላይ ነው። ለዘጠነኛ ክፍል ከገጠር ወደ ጅማ መጥታ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር አክስቷ ቤት አረፈች። ክፍሏ ውስጥ ሃምሳ ስምንት ተማሪ አለ፤ የሚያናግራት ግን አልነበረም። በአነጋገሯ ሙድ ያዙባት፣ «ፋራ» አሏት። ሁለት ወር ሙሉ ዳቦዋን ብቻዋን በላች። ከዚያ አንድ ቀን ጽዮናዊት አጠገቧ ተቀመጠችና «አባትሽ ምንድነው የሚሠራው?» አለቻት። ጽዮናዊት የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ናት፤ ጫማዋ ሁልጊዜ ነጭ ነው። ሩፈይዳ በአንድ ትንፋሽ «ቡና ነጋዴ ነው፣ አጋሮ መጋዘን አለው» አለች። በሳምንቱ አንድ አይሱዙ ጨመረችለት።

ስለዚህ አባቷ «ድንጋዩን ይዤ እመጣለሁ፣ በዚያው ትምህርት ቤትሽን አያለሁ» ብሎ ሲደውል፣ አቧራ የጠጣው ጃኬቱ ታያት። «አባ፣ አትምጣ። በፈተና ሰሞን ሰው አያስገቡም» አለችው። እሱም አመናት። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ትዝ ባላት ቁጥር በራሷ ታፍራለች።

«ምን አፍጥጠሽ ታያለሽ?» አለቻት ጽዮናዊት ከኋላዋ መጥታ።

«ምንም።»

ያን ቀን ዝም አለች። በማግስቱ ግድግዳው ሁለት ረድፍ ጨመረ። በሦስተኛው ቀን የመስኮቱ ቦታ ላይ ደረሰ። እሷ ዝም ባለች ቁጥር የሚፈርሰው እየበዛ ነው። ድንጋዩ መርገፍ ሲጀምር ደግሞ ሰው የሚለው «የኸይሩ ድንጋይ የማይረባ ነው» ነው፤ ከዚያ በኋላ ማን ከአባቷ ይገዛል? ብትናገር ግን ጽዮናዊት ሁሉንም ታውቃለች። እንደገና ዳቦዋን ብቻዋን ልትበላ ነው።

በዚያው ቀን የእረፍት ደወል እንደተደወለ በቀጥታ ወደ ግንቡ ሄደች። ጽዮናዊት ምንም ሳይገባት ተከተለቻት።

«ጋሽ ቱሉ፣ ድንጋዩ ቆሟል። መተኛት ነበረበት።»

ጋሽ ቱሉ ሲሚንቶ የነካ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ። «ማል ጄቴ? ምን አልሽ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

ሩፈይዳ ሃይላንዷን ከፍታ በላይኛው ረድፍ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ውሃ አፈሰሰች። ድንጋዩ ሲርስ ንብርብሮቹ እንደ ደብተር ቅጠል ቀጥ ብለው ታዩ፤ ውሃውም በመሃላቸው ሰርጎ ጠፋ።

«እነዚህ ጭረቶች ወደ ላይ ነው መሆን የነበረባቸው፣ ወላሂ! ዝናቡ ይልጠዋል።»

ጋሽ ቱሉ ጎንበስ ብለው ጭረቶቹን በጣታቸው ዳሰሱ። «እኔ እኮ እንዲሁ መሮ የነካው መስሎኝ ነበር። ቆይ፣ አንቺ ይሄን ከየት አወቅሽ?»

ጽዮናዊት ሳቀች። ሳቋ ክፋት አልነበረበትም። «ይተዋት ጋሼ፣ አባቷ ቡና ነጋዴ ነው። እሷ ስለ ድንጋይ ምን ታውቃለች?»

አብራት ብትስቅና «ቀልዴን ነው» ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሩፈይዳ ወደ ጽዮናዊት ዞረች።

«ነጋዴ አይደለም» አለች። «ድንጋይ ፈላጭ ነው። ይህን ሁሉ የፈለጠው እሱ ነው።»

«መጋዘኑስ?»

«የለም።»

«አይሱዙውስ?»

«እሱም የለም።»

ጽዮናዊት ትኩር ብላ አየቻት። «መዋሸት ሼም ነው፣ እሺ?» አለች በቀስታ። ደወሉ ሲደወል ሳትጠብቃት ወደ ክፍል ሄደች።

ጋሽ ቱሉ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩትና በረጅሙ ተነፈሱ። የስንት ቀን ድካም ነው። ከዚያ ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጧት። «ይፈርሳል እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል። በይ፣ አባትሽ ጋ ደውይልኝ።»

አባቷ ቶሎ አነሳው።

«አባ፣ እኔ ነኝ። ድንጋዮቹ ቆመው ተገንብተዋል። ሰው አያስገቡም ያልኩህ ዋሽቼህ ነው።» እንባዋ መጣ። «አፍሬብህ ነው፣ አባ።»

ከወዲያ ድንጋይ የሚመታ መዶሻ ይሰማል።

«ስንት ረድፍ ደርሷል?» አለ ኸይሩ በመጨረሻ።

«ሰባት።»

«ነገ ማለዳ እነሳለሁ፣ ኢንሻአላህ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሩ ላይ የማን እንግዳ ነኝ ልበል?»

ሩፈይዳ ቀና ስትል ተማሪዎች በየመስኮቱ ተደርድረው ወደ እሷ እያዩ ነበር።

«ሩፈይዳን ጠይቅ፣ ዘጠነኛ ‹ቢ›» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። «አባቷ ነኝ በላቸው።»