ሰብሳቢው ያሳደጋት ልጅ

የሁለት ዓመቱ ያቤጽ ሐይቁ ዳር ወፎቹን ሊያባርር እየሮጠ ነበር፤ ፎቶ አንሺዋ ትርሲት ግን አልከለከለችውም። ሰብሳቢው ካለ ሕፃን ቁም ብሎ መለመን ድሮ ቀርቷል። ሰብሳቢ ያሉት ካሜራ እንደ ቀድሞዎቹ አንዲት ቅጽበት ብቻ አይዝም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ብርሃን ያጠራቅምና ከእያንዳንዱ ሰው የተሻለችውን ቅጽበት መርጦ በአንድ ፎቶ ያገጣጥማል። ሕፃኑ ወደ ካሜራው ዘወር ያለባት፣ ጎረምሳው ሳያስበው ፈገግ ያለባት፣ እናትየው ስለ ፀጉሯ መጨነቅ የተወችባት ቅጽበት አንድ ላይ ይመጣሉ።

ትርሲት እንደ ልማዷ የብርሃኑን አቅጣጫ አየች፤ ጥላው ፊታቸው ላይ እኩል እንዲያርፍ ከግራሩ በስተምሥራቅ አቆመቻቸው። አቢያታ ሐይቅ ዳግም ከሞላና ከተማው በዳርቻው ከተቆረቆረ ወዲህ እዚህ ቦታ ያላነሣችው ቤተሰብ ጥቂት ነው።

"ታላቅ በእናቱ ቀኝ" አለች።

አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ናሁ ከቦታው አልተነቃነቀም። በእናቷ ቀኝ ሄዳ የቆመችው እስከ ወገቡ የምትደርሰው ማዕዶት ነበረች።

ትርሲት አልገረማትም። ከእንቅልፍ ቤት የወጡ ልጆች ከዚህ በፊትም አንሥታለች። እንቅልፍ ቤት መድኃኒት ያልተገኘለት ሕመምተኛ ሰውነቱ ቀዝቅዞ፣ ሳያድግና ሳያረጅ ተኝቶ የሚጠብቅበት ቤት ነው። ትርሲት ያየቻቸው ግን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የተኙትን ነው። ማዕዶት በሰባት ዓመቷ ገብታ አሥራ አንድ ዓመት ተኝታለች። ሰሞኑን ለምርመራ ቀስቅሰዋት ነበር፤ መድኃኒቱ አሁንም የለም። ነቅታ ብትቀር ሐኪሞቹ ከጥቂት ዓመታት በላይ ቃል አይገቡላትም። ብትመለስ ደግሞ መቼ እንደምትነቃ የሚያውቅ የለም። የእንቅልፍ ቤቱ መኪና መንገዱ ዳር በሩን ከፍቶ ቆሟል። ከፎቶው በኋላ እናትየው ምሥራቅ ቁርጡን ትናገራለች፤ አባትየው ደጀኔ "እንዳልሽ" ብሎ ለእሷ ትቶታል።

"እትዬ፣ የጫማሽ ማሰሪያ ተፈቷል" አለ ናሁ።

"እትዬ አትበለኝ! ጢም እያበቀልክ!"

"እኔ ምን ላድርግ? የእማዬ ትእዛዝ ነው።"

"ታላቅህ ናት" አለች ምሥራቅ ቆጣ ብላ። "የፈለገችውን ያህል ብትተኛ ታላቅህ ናት።"

ደጀኔ ያቤጽን ከጭቃው አንሥቶ ሲመጣ ሳቀ። "ይህቺ ታላቅ ትናንት 'ተረት ካልነገርከኝ አልተኛም' ብላ ወንድሟን ስታስጨንቅ ነው ያመሸችው" አለ። ምሥራቅ አልሳቀችም።

ሰብሳቢው ብርሃኑን አጠራቅሞ ጨረሰ። ትርሲት ፎቶው የሚታይበትን መስተዋት አየች። ያቤጽ ደህና ነው፤ ናሁም፤ ወላጆቹም። ማዕዶት የቆመችበት ቦታ ላይ ግን አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች።

ትርሲት አላፊ አግዳሚ የገባባት መስሏት ቀና አለች። ማንም የለም። የካሜራውን ዓይን ወለወለችና ደግማ አነሣች። ያችው ሴት መጣች። የማዕዶት ቢጫ ቀሚስ በቁመቷ ልክ ረዝሞላታል፤ የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ የነበረችው ትንሽ እጅ አሁን የእናቷ ትከሻ ላይ ናት።

ትርሲት የመሣሪያውን አሠራር አንድ በአንድ አስታውሳ ምክንያቱን አገኘችው። ሰብሳቢው ፊቶችን ላለማምታታት ፊትን አስቀድሞ ከተመዘገበለት የልደት ዘመን ጋር ያመሳክራል። ትንሽ ልዩነት ሲያይ ያልፋል። የአሥራ አንድ ዓመት ልዩነት ሲያይ ግን ስህተቱን የራሱ አድርጎ ቆጠረው፤ አርሞም ልጅቷን አሳደጋት።

ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ ምሥራቅ ከጎኗ ደርሳ ነበር።

"ተይው።"

"ብልሽት ነው ወይዘሮ ምሥራቅ። ከእናንተ ፊት ገምቶ የሠራው ስሌት ነው እንጂ የወደፊቱን አያውቅም።"

"አውቃለሁ፣ የኔ እህት።" ምሥራቅ ጣቷን በሴቲቱ ጉንጭ ላይ አሳረፈች። "ቁመቷ እኔን አልፏል።" ከዚያም ወደ መኪናው አየች። "ትመለስ። የፈጀውን ይፍጅ። ይቺን ሳላይማ አልሞትም።"

"ምሥራቅ፣ ፎቶ እኮ ነው" አለ ደጀኔ።

"ለእኔ ተውከው አይደል? እንግዲያው ዝም በል!"

ምሥራቅን ይህን ውሳኔ ያናገራት የትርሲት መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ዋሽቷል። ምን ማለት እንዳለባት ስታስብ ማዕዶት በጣቶቿ ቆማ መስተዋቱ ላይ ተንጠራራች።

"ይቺ ማናት?"

ናሁ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። "አንቺ ነሽ። ሳትተኚ አድገሽ ቢሆን ኖሮ።"

ልጅቷ ፎቶውን ትክ ብላ አየችው። "ቀሚሴን ለብሳለች።"

"አዎ።"

"ቆንጆ ናት። እማዬ፣ የምትጠብቂው እሷን ነው?"

ምሥራቅ ጣቷን ከመስተዋቱ ላይ አነሣች።

"በቃ፣ እሷን እትዬ በላት" አለች ማዕዶት ለናሁ። "እኔን ማዕዶት በለኝ። እኔ ከአንተ ቀጥዬ፣ ከያቤጽ በፊት መሆን ነው የምፈልገው። ስነቃ ያቤጽም ጢም ካወጣ ማን ያጫውተኛል?"

ምሥራቅ ሳሩ ላይ ቁጭ አለች። ያቤጽ መጥቶ ጭኗ ላይ ወጣ። ከዚያ ሕፃኑን አቅፋ ተነሣች።

"ናሁ" አለች። "ና፣ በቀኜ ቁም።"

ናሁ መጀመሪያ አባቱን አየ፤ ከዚያ ማዕዶትን አንሥቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠና በእናቱ ቀኝ ቆመ። ደጀኔ ወደ መንገዱ ሄዶ ልጅቷ ወደ እንቅልፍ እንደማትመለስ ለሹፌሩ ነገረው። የመኪናው በር ተዘጋ።

ትርሲት ማገጣጠሙንም ማረሙንም ዘግታ አንዲት ቅጽበት ብቻ አነሣች። በእሷ መለኪያ መጥፎ ፎቶ ነበር። ያቤጽ ደብዝዟል፤ ምሥራቅ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከመንገዱ የሚመለሰው ደጀኔ በግማሹ ብቻ ገብቷል። ማዕዶት የናሁን ፀጉር ጨብጣ በወለቀ ጥርሷ ትስቃለች።

"ያችኛዋን አጥፊልኝ" አለች ምሥራቅ።

ትርሲት ማጥፊያውን ነካችው። ሴቲቱ ከመስተዋቱ ላይ ጠፋች። በሕይወት ኖራ የማታውቅ ሴት ነበረች።

"ነፍስ ይማር" አለ ደጀኔ፤ ሳያስበው ከአፉ አምልጦት።

ስህተቱን ያረመው ሰው አልነበረም።

"ማን ሞተ?" አለች ማዕዶት ከናሁ ትከሻ ላይ ሆና።