የሔራን በሶ

ሔራን ከስፖርት ቤቱ ትልቅ መስታወት ሥር በጀርባዋ ተንጋልላ ወድቃ ነበር። ከእጇ ያመለጠው የፕላስቲክ ኩባያ አልተሰበረም፤ የተረፈው በሶ ግን በወለሉ ላይ ፈስሶ መድረቅ ጀምሯል። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከጣና በኩል ነፋስ ባለመምጣቱ የክፍሉ አየር ታፍኗል። በሴቶች የሰውነት ግንባታ ውድድር ባሕር ዳርን ያስጠራችው፣ ብዙ ወንዶች የሚያቅታቸውን ብረት ታነሣ የነበረችው ይህች ወጣት፣ ልቧን ይዛ ከወደቀች በኋላ ጣቷን እንኳ ማንሣት አልቻለችም። በዙሪያዋ የቆሙት ሁሉ ጠንካሮች ነበሩ፤ የአንዳቸውም ጥንካሬ ግን አልረዳትም።

ኢንስፔክተር ዳኘው ሲደርስ እንደ ልማዱ በመጀመሪያ የሰዎቹን እግር ተመለከተ። ሰው ፊቱን ለፖሊስ ያዘጋጃል፤ ጫማውን የሚያዘጋጅ ግን ብዙም አይገኝም ብሎ ያምናል።

«አሠልጣኝ ጌትነት፣ ያየኸውን ንገረኝ።»

«ሐቢባ በሶውን በጥብጣ ሰጠቻት። ጠጣች። ‹ልቤ› አለች፤ ወደቀች።» ጌትነት ግንባሩን በእጁ አበሰ።

«ሐቢባ ማን ናት?»

«ያቺ ጥግ የቆመችው። የልምምድ ጓደኛዋ ናት፤ በውድድርም ተፎካካሪዋ።»

«እሷስ ከበሶው አልጠጣችም?»

«ከሰሞኑ በጥብጣ ትሰጣለች እንጂ አትቀምስም። ጾም ላይ ነኝ ትላለች። ዒዱ እኮ አልፏል!»

ከዳኘው ጀርባ የቆመው ሳጅን ገድሉ ዓይኑ በራ። ዳኘው ግን ስፖርተኞቹ ወደሚመዘኑበት የክብደት ሚዛን እያየ ነበር።

«ጤንነቷ እንዴት ነበር?»

«ክብደቷ ነው ያሳበደኝ፤» አለ ጌትነት። «ውድድር ሲያልቅ ክብደት ይጨመራል፤ ያለዚያ ጡንቻ አይመጣም። ግን በልክ ነው። ብዙዎቹ ‹የእረፍት ወራት ነው› እያሉ ያገኙትን ሁሉ ይበላሉ፤ በኋላ ስቡን ማውረድ ያቅታቸዋል። እሷ እንዲያ አልነበረችም። ቀስ እያለች፣ እየመጠነች ነበር የምትጨምረው። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ክብደቱ ያለ ምክንያት ወረደ።»

«አንተስ ምን አልሃት?»

ጌትነት ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹ደብቀሽኝ እየቀነስሽ ነው› አልኋት። ካልመለሰችው ለአዲስ አበባው ውድድር እንደማላስመዘግባት ነገርኋት። ‹እመልሰዋለሁ፣ ጌቴ› አለችኝ። ሁዳዴ ነው፤ ሥጋና እንቁላል የላትም። እናቷ የሚያዘጋጁላትን በሶ እጥፍ አድርጋ መጠጣት ጀመረች። በጠጣች ቁጥር ይብሱኑ ወረደች።»

በዚህ ጊዜ ገድሉ ከአሠልጣኙ ቁም ሣጥን አንድ የኪኒን ሣጥን አውጥቶ አቀረበ። ጌትነት አመዱ ቡን አለ።

«ሽንት የሚያበዛ ኪኒን ነው። ለውድድር ቀን ያስቀመጥሁት ነው፤ ከቆዳ ሥር ያለውን ውሃ አውርዶ ጡንቻውን ያጎላዋል። ክልክል መሆኑን አውቃለሁ።»

«ውድድር ሳይኖርስ ቢወሰድ?»

«ለምን ብሎ? የሚያወርደው ውሃ ነው፤ ስትጠጣ ይመለሳል። ስቡን ንክች አያደርገውም።»

ዳኘው ሣጥኑን አገላበጠ። እሽጉ አልተቀደደም ነበር።

የሟቿ እናት ወይዘሮ ወለላ የሚኖሩት ሹም አቦ ሰፈር ነው። ዳኘው በማግሥቱ ሲገባ ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶት ነበር። ወይዘሮዋ ከውስጠኛው ክፍል ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል፤ ለመነሣት ሲሞክሩ ትንፋሽ አጠራቸው። እግራቸው የገባው ሰፊ የወንድ ነጠላ ጫማ ውስጥ ነበር፤ እሱም ቢሆን ጠብቧቸዋል።

«አይነሡ፣ እናቴ። እግዜር ያጽናዎ።»

«ምኑን ያጽናኝ? ባሌን ቀበርሁ። ፊቱ ነፍቶ፣ እግሩ አብጦ፣ እያየሁት ሄደብኝ። አሁን ደግሞ እሷን! ያውም ሰውነቷ እየተመለሰ፣ ፊቷ እየጠራ ሳለ!»

«ፊቷ መቼ ነው የጠራው?»

«በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ነዋ። አንገቷ እንኳ ልጅነቷን መስሎ ነበር።» ወይዘሮ ወለላ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። «ያቺ ልጅ ናት የገደለችብኝ። ጌትነት በዓይኑ አይቷል። ገዳይዋን ሳያወጡ እንዳይተዉ ቃል ይግቡልኝ።»

«ቃሌ ነው፤» አለ ዳኘው። ቃል መስጠት ቀላል የሚሆነው መጨረሻው ሳይታይ ነው፤ እሱም በዚያ ሰዓት አልታየውም።

ሐቢባን ያገኛት ከሐይቁ ዳር፣ አባቷ ረመዳን የእንጨት ጀልባ ከሚሠሩበት ጥላ ሥር ነው። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል።

«ሔራን ታንኳ ነበር የምትለኝ፤» አለች። «‹ከደንገል የተሠራሽ ታንኳ፣ ነፋስ ሳይወስድሽ ብዪ!› ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሞተር ጀልባ እላታለሁ፤ ‹በሩ ሊጠብብሽ ነው፣ በቃሽ!› እላታለሁ። ትስቅ ነበር። ከሰሞኑ ግን መሳቁን ተወችው። ‹ሐቢባ፣ የበላሁት የት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ውሃ ውሃ ይለኛል፣ እግሬን ይጨመድደኛል› አለችኝ። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት፣ ‹ቅዳሜ ልመዘንና› አለች።»

«ዒዱ ካለፈ በኋላ ምን የሚጾም አለ?»

«የሸዋል ስድስቱ ቀን ነዋ! ከረመዳን ጾም ቀጥሎ ባለው ወር ይጾማል። አሠልጣኝ ጌትነት አንድም ቀን ‹ምንድን ነው?› ብሎ አልጠየቀኝም።»

«ስለዚህ በሶውን አልቀመስሽም።»

«ኧረ ቀምሻለሁ። ባለፈው ሳምንት ከቤታቸው ደጃፍ ላይ ስጠብቃት ከማሰሮው ቀንሳ በላስቲክ አመጣችልኝ፤ ‹ለማፍጠሪያሽ› ብላ። ከአባቴ ጋር በጥብጠን ጠጣነው…» ብላ አፈረች።

ረመዳን መላጊያቸውን አስቀመጡ። «ወላሂ ጌታዬ፣ ሽንት ቤት ስንፈራረቅ ነው ያነጋነው! እኔ ስወጣ እሷ ትገባለች። ሐይቁን እኛ የሞላነው ነው የመሰለኝ!» ብለው ሣቁ፤ ወዲያው የልጃቸውን ፊት አይተው አንገታቸውን ደፉ። «በባዶ ሆድ ስለሆነ መስሎን እኮ ነው።»

«የተረፈ አለ?»

«እህል ይጣላል እንዴ? ከመደርደሪያው ላይ አለ።»

ዳኘው ላስቲኩን ወሰደ። ከቀናት በኋላ የምርመራው ውጤት መጣ። በሟቿ ደም ውስጥ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ተገኝቷል፤ ሰውነቷ ውሃውንና ጨው ነክ ማዕድኑን አጥቶ ልቧ ምቱን ስቷል። ያው መድኃኒት ሔራን ስፖርት ቤት ታስቀምጠው በነበረው ቆርቆሮ ውስጥ ከበሶው ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ተገኘ፤ ከረመዳን መደርደሪያ በመጣው ላስቲክም ውስጥ ነበረ።

ሐዘንተኛን ከቤት ማስወጣት ነውር ስለሆነ ሰዎቹ የተሰበሰቡት በወይዘሮ ወለላ ቤት ነው። ሐቢባ ከአባቷ ጋር ስትገባ ወይዘሮዋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ገድሉ የእጅ ሰንሰለቱን በኪሱ ያንቀጫቅጭ ነበር። ዳኘው ቆሞ ጀመረ፤ ድምፁ እንደ ወትሮው የተረጋጋ አልነበረም።

«ሔራንን የገደላት በሶው ነው። ማንም ግን መርዝ አልጨመረበትም። የተጨመረው ለሕመምተኛ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ጌትነት፣ ያንተ ሣጥን እንደ ታሸገ ነው። ያንን ኪኒን ከውድድር ቀን በፊት መስጠት ከንቱ መሆኑንም ራስህ ነግረኸኛል።»

«እውነት ነው።»

«ሐቢባም ይህን ታውቃለች፤ የሙያው ሰው ናት። ደግሞም እንደ ከሰሷት ለመዳን ብላ አይደለም ያልቀመሰችው፤ ጾም ላይ ስለነበረች ነው። ባፈጠረች ጊዜ ግን ጠጥታለች፤ አባቷንም አጠጥታለች። መርዝ ያለበትን የሚያውቅ ሰው ለአባቱ አይቀዳም።»

«ታዲያ ማን ነው?» አለ ገድሉ።

«ለሐቢባ የተሰጠው በሶ ስፖርት ቤቱ አልደረሰም። በቀጥታ የወጣው ከዚህ ቤት ማሰሮ ነው።» ዳኘው ወደ ገድሉ ዞረ። «የሔራን ክብደት ስብና ጡንቻ ነበር፤ ዐውቃ የጨመረችው ነው። በውሃ ኪኒን ሊያወርደው የሚሞክር፣ ያንን ሰውነት እንደ እብጠት ያየ ሰው ብቻ ነው። ክብደቷ ሲወርድ አሠልጣኟ ተቆጣ፣ ጓደኛዋ ፈራች፣ እሷም ተጨነቀች። ደስ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሷ የጠፋውን ለመመለስ በሶውን ጨመረች፤ በጨመረች ቁጥር ኪኒኑንም ጨመረች። ያ ደስ ያለው ሰው ደግሞ መክሳቷን አይቶ ‹ተሻላት› አለ፤ በርትቶም ኪኒኑን ወቀጠ።»

 ወይዘሮ ወለላ ፊታቸውን ከግድግዳው ቀስ ብለው መለሱ።

«እናቴ፣ ጤና ጣቢያውን ጠይቄያለሁ፤ ለእግርዎ እብጠት የታዘዘልዎ ኪኒን የት አለ? በጊዜው ቢውጡት ኖሮ እግርዎ እንዲህ ባልሆነ። የሟች ባለቤትዎ ጫማ ጠብቦዎታል።»

ወይዘሮ ወለላ እግራቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሥር ለመሰብሰብ ሞከሩ፤ አልታዘዝ አላቸው።

«የእኔን በሳምንት አወረደልኝ እኮ፤» አሉ። «በሳምንት! አባቷም እንዲሁ ከፊቱ ነው የጀመረው። ‹ደኅና ነኝ› ይለኝ ነበር። እሷም ‹እማ፣ እብጠት አይደለም፤ ሆን ብዬ ነው የጨመርሁት› አለችኝ። ሆን ብሎ የሚያብጥ ሰው አይቼ አላውቅ! ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት ሣቀችብኝ። ምን ላድርግ? የራሴን ወቅጬ ከበሶው ጋር ነፋሁላት። የእኔ ይቅር ብዬ፣ እሷ ትትረፍ ብዬ።»

ሐቢባ ተነሥታ አጠገባቸው ተንበረከከች። «እማማ ወለላ…» አለች። ገድሉ እጁን ከኪሱ አወጣ፤ ባዶውን ነበር። ጌትነት፣ ክብደቷ መውረዱን ባየ ጊዜ በቁጣ ፈንታ «ምን ሆነሻል?» ብሎ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር፤ ይህንንም ስለሚያውቅ ከመሬት ዓይኑን አላነሣም።

«ገዳይዋን ያውጡልኝ ብዬ ለመንሁዎ፤» አሉ ወይዘሮዋ። «እርስዎም ቃልዎን ጠበቁ።»

ዳኘው ሕጉን አሳምሮ ያውቃል፤ ፋይሉ ወደ ዐቃቤ ሕግ መሄዱ አይቀርም። ዐቃቤ ሕግ ምንም ቢጽፍ ግን እኒህ ሴት ዛሬ ከሰሙት የሚከብድ ነገር ሊጽፍ አይችልም። ከመስኮቱ ደፍ ላይ የኪኒኑን ብልቃጥ አየ፤ ከሥሩ ጥቂት ፍሬ ቀርቷል። ውሃ ቀዳ፤ አንዱን ኪኒን በመዳፉ ይዞ ጎንበስ አለ።

«ይዋጡ፣ እናቴ። እግርዎ…»

ወይዘሮ ወለላ ኪኒኑን፣ ከዚያም እሱን አዩ።

«ለማን ብዬ?»

ዳኘው ኪኒኑንና ውሃውን ከአጠገባቸው አስቀመጠ።