ጥቁሩን ዐለት በቀኝ

ዛሪፍሞ ከበረዶው ግግር ጫፍ ላይ ቆማ መሣሪያዋን ከፈተች። ከመዳፏ እምብዛም የማይበልጠው ቢጫ ጂፒኤስ ሳተላይቶቹን ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ጥቂት ጊዜ ወሰደ። አጠገቧ የባሏ አባት ኢማትሾ በረዶውን በምርኩዛቸው ቆርቆር እያደረጉ ይጠብቋታል። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው፣ ከክንድ ርቀት ወዲያ ያለው ሁሉ ለእሳቸው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው።

«ያዘልሽ?» አሉ።

«አራት፣ አምስት... ያዘ።»

«እንግዲያው ጻፊ» ብለው እግራቸውን አነሱ።

በበርታንግ ሸለቆ ላይ የጭቃ ጎርፍ ከወረደ አሥር ቀን ሆኖታል። ጎርፉ ወደ ላይኛው ግጦሽ የሚያስገባውን የገደል መንገድ ከነድልድዩ ጠራርጎ ወሰደው፤ ማዶ ሰባት ሴቶች ያክ ከሚባሉት ጸጉራም የመንደሩ የተራራ ከብቶች ጋር ቀሩ። ወሩ መስከረም እያለቀ ነው። ትልቁ በረዶ ከጣለ እዚያ መክረም የሚባል ነገር የለም። ሄሊኮፕተር ቢለመን «ነገ» ሲባል ሰነበተ። የቀረው በግግሩ ላይ የሚያልፈው የጥንት መንገድ ሲሆን፣ በሕይወት ካሉት ሰዎች እሱን የሚያውቁት ኢማትሾ ብቻ ናቸው።

ሽማግሌው ግን ስለዚያ መንገድ ቃል ከተነፈሱ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል። ከሰባት ዓመት በፊት የዛሪፍሞ ባል ሾዲ የጠፉ ያኮች ፍለጋ በዚሁ ግግር ሊሻገር ሲነሣ፣ አባቱ ደጃፍ ላይ ቆመው መንገዱን በቃላቸው ነገሩት። ሾዲ ሄደ፤ ማዶ ደረሰ፤ ያኮቹን አገኘ። ሲመለስ ግን በረዶው ዋጠው። የተገኘው ምርኩዙ ብቻ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዛሪፍሞና ኢማትሾ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖራሉ፣ ከአንድ ሳህን ይበላሉ፣ ለወጉ ያህል እንኳ አይጨዋወቱም። እሷ ምን እንደነገሩት አልጠየቀቻቸውም። እሳቸውም አልነገሯትም።

የጎርፉ ወሬ በመጣ ማግሥት ግን ሽማግሌው ራሳቸው እሷ ወደተቀመጠችበት ጥግ መጡና ሰው ሲሄድ መንገዱን የሚጽፍ መሣሪያ አለ ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ሲሉ ጠየቋት። ዛሪፍሞ የመንደሩ ትምህርት ቤት የጂኦግራፊ መምህርት ናት። አለ አለቻቸው። «አምጪው። በቃሌ ለማንም አልነግርም። እኔ እሄዳለሁ፣ አንቺ ታጽፊያለሽ» አሉ።

መንደሩ አዋጥቶ ኾሮግ ከተማ ገበያ ሰደዳት። ሻጩ መጀመሪያ ያወጣላት ሰፊ፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጣት ነካ ሲያደርጉት የሚታዘዝ ነበር። ዛሪፍሞ የሱፍ ጓንቷን አጥልቃ ነካችው፤ አልታዘዛትም። ባትሪው ደግሞ ውስጡ የተገጠመ ነው፤ ሲያልቅ መሰኪያ ይፈልጋል፣ በረዶ ላይ መሰኪያ የለም። ከዚያ አቧራ ከጠጣው መደርደሪያ ላይ ይሄን ቢጫውን አወረደች። ቁልፎች አሉት፤ ተራ ባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት ፍሬ ይጎርሳል። ሁለቱንም በሁለት እጇ ይዛ ከገበያው በታች በገደል ሥር ወዳለው የከተማው ድልድይ ሄዳ ተመለሰች። መስመሮቻቸውን ስታስተያይ ያብረቀረቀው ወንዝ ውስጥ አስገብቷታል፤ ቢጫው ከመንገዱ ብዙም አልወጣም።

ሻጩ ሳቀባት። «እህቴ፣ ይሄ እኮ የአያቴን ሬዲዮ ነው የሚመስለው። ሰው ፊት ልታወጪው ነው?»

«ሰው ፊት አላወጣውም» አለችው።

አሁን በየአሥር ሰከንዱ አንድ ነጥብ እንዲጥል አድርጋ በአንገቷ አንጠልጥላዋለች። ኢማትሾ ከፊት ይሄዳሉ፤ ወገባቸው ላይ የታሰረው ገመድ ጫፉ በእሷ ወገብ ነው። የሚያዩት በእሷ ዓይን ነው። ምን ይታይሻል ይሏታል፤ ትነግራቸዋለች። ነፋሱን በጉንጫቸው ይለኩታል፤ ምርኩዛቸውን ይወጉና ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ከዚያ ይራመዳሉ። ቀትር ላይ በግግሩ መካከል እንደ ጥርስ የቆመ ጥቁር ዐለት ታያት። ስትነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። በግራ ትተውት አለፉ።

ከዐለቱ ብዙም ሳይርቁ ሰማዩ ወረደባቸው። ነፋሱ ከተራራው ማለፊያ አፍ ተወርውሮ መጥቶ በረዶውን አሸዋ አስመስሎ ፊታቸው ላይ ረጨው። ዛሪፍሞ የራሷን ጫማ ማየት ተሳናት። ሽማግሌው ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ መለየት ሲያቅታቸው እየተሽከረከሩ ሄዱ፤ እሷ ማሳያውን ጠርጋ ስታየው መስመሩ ተጠምዝዞ ራሱን ቆርጧል።

«ዞረናል! ቁሙ!» ብላ ገመዱን ሳበች።

ከአንድ የበረዶ ግንብ ሥር ተወትፈው ብርድ ልብሱን በላያቸው ጎተቱ። ሁለት ሰዓት ያህል እዚያ ቆዩ። ኢማትሾ ያኔ ነው የተናገሩት፤ ጆሮዋ ሥር፣ ነፋሱ እንዳይወስድባቸው የፈሩ ያህል ቀስ ብለው።

«ዐለቱን በግራህ አድርገው አልኩት። በግራህ። ሲመለስ ግን በቀኝ መሆኑን አልነገርኩትም። እንዴት ይጠፋዋል ብዬ ነው... እሱ እኮ እኔን ማመን ነበር ልማዱ። ምርኩዙ ከተገኘበት ቦታ ነው ያወቅኩት፤ እንዳልኩት በግራው አደረገው።»

ዛሪፍሞ ሰባት ዓመት ያዘለችው ቂም እንዲህ ትንሽ ነገር ላይ፣ ሳይነገር በቀረ አንድ ቃል ላይ የቆመ መሆኑን አላወቀችም ነበር። ልትቆጣ ፈለገች፤ አልመጣላትም። ከጉያዋ ደረቅ የወተት ድቡልቡል አወጣችና ለሁለት ሰብራ ግማሹን አጎረሰቻቸው።

በማግሥቱ ማለፊያውን ተሻግረው ወደ ድንጋያማው ቁልቁለት ወረዱ። ዳቦውና ትርፍ ባትሪዎቹ ያሉበትን ከረጢት አስቀምጠው ውኃ ሲቀዱ፣ ከድንጋዮቹ መካከል ቡናማ ድብ ብቅ አለ። ሽታውን ተከትሎ ነው የመጣው። ኢማትሾ ዓይናቸው ሳያየው አተነፋፈሱን ሰሙት። እንዳትሮጪ ብለው በአንድ እጃቸው ክንዷን ጨበጡ፤ በሌላው እሷ የያዘችውን የውኃ ማንቆርቆሪያ በምርኩዛቸው እየደበደቡ አብረዋት ወደ ፊት ተራመዱ። ድቡ በሁለት እግሩ ቆመ፣ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ከረጢቱን በጥርሱ አንጠልጥሎ ቁልቁል ነጎደ። ዛሪፍሞ እስክትተነፍስ ድረስ ድንጋዩ ሲንኮታኮት ይሰማ ነበር።

ዳቦ ጠፋ፤ ባትሪም ጠፋ። የቀሩት በመሣሪያው ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የማሳያውን ብርሃን አጠፋች፤ ነጥቡን በየአሥሩ ሰከንድ መጣሉን ትቶ በየደቂቃው እንዲጥል አደረገችና ባትሪዎቹ እንዳይበርዱ መሣሪያውን ገላዋ ላይ ሸጎጠችው።

ከሰዓት በኋላ የእረኞች የድንጋይ ጎጆ ደረሱ። ጭስ ይወጣበታል። ዛሪፍሞ የመንደሩ ሴቶች መስለዋት ልቧ ዘለለ፤ በሩን ስትከፍተው ግን ሦስት ጠመንጃ የያዙ ወንዶች ነበሩ፤ ጥግ ላይ የታረዱ የተራራ ፍየሎች ተቆልለዋል። ሕገ ወጥ አዳኞች ናቸው። እነሱም በጎርፉ ተዘግተው መውጫ አጥተዋል። አለቃቸው ጢማሙ ሰውዬ ከየት እንደመጡ ሲሰማ ዓይኑ በራ። ከአንገቷ ያለውን ገመድ ጎትቶ መሣሪያውን አወጣና አገላብጦ አየው።

«መስመሩ ይሄ ነው? ይሄን ተከትዬ ከወጣሁ በቃ?»

ዛሪፍሞ እጁን ልትይዝ ስትል ኢማትሾ ቀደሟት። ረጋ ባለ ድምፅ፣ እንግዳ እንደሚያጫውት ሰው አስረዱት። ትናንት በዐውሎው ውስጥ እንደባከኑ፣ መስመሩ ላይ ያለው ጥምዝምዝ ሁሉ መጥፊያ እንደሆነ፣ የትኛው መንገድ የትኛው መባከን እንደሆነ ደግሞ መሣሪያው እንደማይለይ ነገሩት። ሰውዬው ማሳያውን አየ፤ ጥምዝምዙን አየ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«እኔን ውሰዱኝ» አሉ ሽማግሌው። «መንገዱ እኔ ነኝ።»

«አንተንም ዕቃውንም እወስዳለሁ።»

ኢማትሾ መሬት ላይ ተቀመጡ። «ከእሷ ከወሰድከው አልነሣም። ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ በጠመንጃህ ምን ታደርገኛለህ?»

ጢማሙ መሣሪያውን እግሯ ሥር ወረወረላት።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ሊወጡ ሲሉ ዛሪፍሞ የሱፍ ጓንቶቿን አውልቃ ለሽማግሌው አጠለቀችላቸው። ጣቶቻቸው እንደ እንጨት ደርቀዋል። እሳቸው ጎንበስ ብለው አዳኞቹ በማይሰሙት በበርታንግ ቋንቋ ተናገሯት።

«ስትመለሱ ዐለቱን በቀኝ። በቀኝ፣ ልጄ። በትክክል ነግሬሻለሁ?»

«በትክክል ነግረውኛል፣ አባባ።»

ምርኩዛቸው ድንጋዩን ሲመታ እስኪጠፋ ድረስ ቆማ ሰማችው።

ላይኛው ግጦሽ ስትደርስ ቀኑ ተገባዶ ነበር። ሰባቱ ሴቶች እንደ ሙት መንፈስ አዩዋት። ትልቂቱ ቢቢኖዝ አቅፋት አለቀሰች፤ ጨው የገባበት የወተት ሻይ አጠጣቻት፤ ሽማግሌው የት ናቸው ስትላት ዛሪፍሞ ቀድመውን ሄደዋል አለች። የመሣሪያው ባትሪ ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሴቶቹ የሬዲዮአቸውን ሆድ ከፍተው ሁለት ባትሪ ድንጋይ አወጡ፤ ልክክ አለ። ዛሪፍሞ የኾሮጉን ሻጭ ያሳቀውን መሣሪያ ቁልፉን ጭና ከፈተችውና የመጡበት መስመር ሙሉውን እዚያው መኖሩን አየች። ሁለት ቀን በረዶ ጣለ። በሦስተኛው ሲጠራ ያኮቹን ከፊት ነድተው ተነሡ።

በግግሩ ላይ ዛሪፍሞ ከሁሉ ቀድማ ሄደች። የዐውሎውን ጥምዝምዝ ቆርጣ አለፈች። አንድ ቦታ ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይላል፤ እግሯ ግን አልታዘዘም። ምርኩዟን ወጋች። ድምፁ ባዶ ነበር። የበረዶውን ቅርፊት ስትሰብረው ከአምስት ቀን በፊት ያልነበረ ስንጥቅ ጥቁር አፉን ከፈተ፤ የወደቀው በረዶ ታች ሲደርስ አልተሰማም። ከኋላዋ አንዷ ሴት እናቷን ጠራች። ዛሪፍሞ መሣሪያውን ደረቷ ላይ ለቀቀችውና እንደ ኢማትሾ እየወጋች፣ እያዳመጠች፣ ከዚያ እየተራመደች ስንጥቁን በስተላይ ዞራ አሻገረቻቸው።

ጥቁሩ ዐለት በቀኛቸው መጣ። ከሥሩ፣ ጀርባቸውን አስደግፈው፣ ኢማትሾ ተቀምጠዋል።

በሩቅ ዕረፍት ላይ ያሉ መስለዋት ነበር። ነፋሱ አዲሱን በረዶ ጠርጎ የገለጠው የሦስት ሰው ዱካ ከእሳቸው ተነሥቶ ወደ መንደሩ አቅጣጫ ይወርዳል፤ ጥሩ አድርጎ፣ ምንም ሳይሳሳት። አሻግረዋቸዋል። እግራቸው ሲከዳቸው ጥለዋቸው ሄዱ። ከሦስቱ አንዱ ግን ካፖርቱን አውልቆ ጉልበታቸው ላይ ጥሏል፤ ከየትኛው እንደሆነ ዛሪፍሞ ኋላም አላወቀችም። እጃቸው ባዶ ነበር። ጓንቶቹን ፈልጋ ስታገኛቸው ብብታቸው ውስጥ ተጣጥፈዋል። በረዶ እንዳይነካቸው ሸሽገዋቸዋል።

ቢቢኖዝ ያኮቹን በዝቅተኛው በኩል አዙራ፣ ጠንካራውን ያክ ለሬሳው መጫኛ አዘጋጅታ እስክትመጣ ድረስ ረጅም ጊዜ ፈጀ። ዛሪፍሞ አጠገባቸው በረዶው ላይ ተቀመጠች። በዚህ ግግር የሆነ ቦታ ሾዲም አለ። ለሁለቱም ነገረቻቸው፤ ምን እንዳለቻቸው ለማንም አልተናገረችም። ጓንቶቹን አጠለቀች። ገና ደረቅ ነበሩ።

ሰባቱም ሴቶች በሕይወት ቤታቸው ገቡ። ኢማትሾ በመንደሩ የመቃብር ቦታ ተቀበሩ፤ ዛሪፍሞም በመሣሪያው ሳይሆን በእግሯ መንገዱን ማስተማር ጀመረች። የሚሻገር ሁሉ ከእሷ ጋር አንዴ ሳይሄድ መስመሩን አትሰጠውም፤ በረዶው እንደሚንቀሳቀስ፣ መስመሩ የሚናገረው ያለፈውን ቀን ብቻ እንደሆነ ትነግረዋለች።

በኅዳር ኾሮግ ወርዳ መስመሩን ለካርታ ሥራ ቢሮ አስረከበች። ሠራተኛው መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ ኮምፒውተሩ ላይ ዘረጋው። ጥሩ ሥራ ነው አላት። ጥቁሩ ዐለት ሥር ግን ነጥቦቹ ተደራርበው የተተበተበ ክር መስለዋል።

«ይሄን ላጽዳልሽ» አለ። «ሰው አንድ ቦታ ሲቀመጥ መሣሪያው መጻፉን ስለማይተው እንዲህ ይባክናል። መንገድ አይደለም።»

«ተወው» አለችው ዛሪፍሞ።

«ለካርታው እኮ አያስፈልግም፣ መምህርት።»

«አውቃለሁ። ከአባቴ ጋር የተቀመጥንበት ነው፤ እንዳለ ተወው።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አያት። ከዚያ እጁን ከቁልፉ ላይ አነሣ።