ራሷን የዘጋችበት መስመር

ስክሪኑ ድርቅ አለ። ልጅቷ ኪቦርዱን ደጋግማ መታችው፤ ወይ ፍንክች!

ከኋላዋ «ጄኔራሉ» ሳቁን ለቀቀው። ሲያዝ እንጂ ሲታዘዝ ታይቶ ስለማይታወቅ የክፍል ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ነው። «ምነው ኢንጂነር? የኔን ጌም ልትቆርጪ አልነበር እንዴ? የራስሽንም ቆረጥሽው እኮ!»

«አፍህን ዝጋ!» አለችው። ውስጧ ግን ድንግጥ ብሏል።

የትምህርት ቤቱን ኔትወርክ የምታስተዳድረው አክስቷ ናት። የየክፍሉ ኬብል ተሰብስቦ የሚገባበትን ሣጥን፣ ስዊቹን፣ ከምድር ቤቱ ኮምፒውተር ላብ ሆና እንድትከፍተው የይለፍ ቃል ስትሰጣት «ማየት እንጂ መንካት የለም፣ እሺ የኔ እናት?» ብላታለች። ልጅቷ ግን ሁሉንም ከኢንተርኔት ለቃቅማ ብቻዋን የተማረች ናት፤ አትችይም ሲሏት ደሟ ይፈላል። ጄኔራሉ «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ» ሲላት የእሱን መስመር ልትዘጋ ቸኮለች። የዘጋችው ግን ከምድር ቤት ወደ ስዊቹ የሚወጣውን ዋናውን መስመር ነው። የራሷም ኮምፒውተር የሚያልፈው በዚያው ነበር። ቁልፉን ውስጥ ትታ በሩን ከውጭ ጥርቅም አደረገችው ማለት ነው።

ከጎን ክፍል ጫጫታ ተነሳ። «ቲቸር፣ ጥያቄው ጠፋ!» የአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች በኮምፒውተር ፈተና ላይ ነበሩ።

ደረጃውን እየዘለለች ወጣች። የስዊቹ ክፍል በር ገርበብ ብሏል፤ ውስጥ ማንም የለም። ትንንሾቹ መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ከሣጥኑ ጀርባ የኤሌክትሪክ ገመዱ ተንጠልጥሏል።

ነቅሎ መሰካት ብቻ! ስዊች የታዘዘውን ወዲያው ይፈጽማል፤ «አስቀምጥ» ካልተባለ ግን ጠፍቶ ሲበራ ይረሳዋል። እሷ ደግሞ ምንም አላስቀመጠችም። ሲበራ መስመሩ ይከፈታል፣ ፈተናው ይቀጥላል፣ ማን ነካው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ገመዱን ጨበጠችው።

ግን የአክስቷ የጠዋት ሥራም አልተቀመጠም። የፈተናውን ኮምፒውተሮች ከሌላው ሁሉ ለይታ ለብቻቸው አጥራቸዋለች፤ «ፈተናው በሰላም ሲያልቅ አስቀምጠዋለሁ» ስትል ልጅቷ በጆሮዋ ሰምታለች። ገመዱ ከተነቀለ ያ አጥርም ይፈርሳል። ላይ ላዩን ሁሉም ሰላም ይመስላል፤ ጥያቄዎቹ ጋ ግን ግቢ ውስጥ ስልክ የያዘ ሁሉ ሊደርስ ይችላል። ቢወጡ ደግሞ የምትጠየቀው አክስቷ ናት።

ስልኳ ጮኸ።

«የት ነሽ አንቺ?» አክስቷ ታለከልካለች። «ምድር ቤቱ በሙሉ ተቋርጧል፤ ዳይሬክተሩ ቁም ስቅሌን እያሳየኝ ነው። መጣሁ። መቼም ያ የተረገመ አይጥ ኬብሉን በልቶት ነው!»

አይጥ። የተዘጋጀ ውሸት፣ ያውም በነፃ። አይጥ እንደሆነ ቀርቦ አይከራከር።

«ሄሎ? አለሽ?»

ከታች አንዲት ተፈታኝ ስታለቅስ ይሰማል። ልጅቷ ጣቶቿን ከገመዱ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች።

«አይጥ አይደለም አክስቴ» አለች። «እኔ ነኝ። ዋናውን መስመር ዘግቼው ነው። ማንም መጥቶ ስዊቹን እንዳያጠፋው እዚሁ ቆሜያለሁ፤ ላፕቶፕሽን ቀጥታ ስዊቹ ላይ ሰክተሽ እንድትከፍቺው ቶሎ ነይ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ደረጃው ላይ የጫማ ኮቴ ሰማች። ጓሮው በኩል ሌላ መውጫ እንዳለ ታውቃለች። ግን ሄዳ በደረጃው በኩል ያለውን በር ለአክስቷ ወለል አድርጋ ከፈተችው።