ያልነበረው ዋግ

ድንቢጥ የሠራችውን ነገር ማንም አልተጠቀመበትም። እውነቱ ይኸው ነው፤ ማለባበስ አያስፈልግም።

በአምስት ከተማ የተበተኑ አምስት ላቦራቶሪዎች ስለ ስንዴ በሽታ ያጠናሉ። አንዱ ያገኘውን ሌላው የሚሰማው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ፎቶው በአንዱ ስልክ፣ ሠንጠረዡ በሌላው ፍላሽ፣ ጽሑፉ ደግሞ በሦስተኛው ኮምፒዩተር ውስጥ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የመጨረሻ»፣ «አሁንስ በቃ የመጨረሻ» በሚል ስም ተደርድሮ ይኖራል። ድንቢጥ የተቀጠረችው ይህን ሁሉ አንድ ቦታ ለመሰብሰብ ነበር። ሳይንቲስቶቹ ባሉበት ሆነው በኢንተርኔት የሚገናኙበት፣ ናሙናቸውን የሚያስቀምጡበት፣ የሚሟገቱበት አንድ የጋራ ክፍል። ስንት ወር ደክማ ሠራችው፤ ከፈተችው፤ አንድም ሰው ዝር አላለም።

«በጣም ያምራል» አሏት ሁሉም። ያምራል ማለት አንጠቀምበትም ማለት መሆኑን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም።

ድንቢጥ የሚለውን ስም ያወጣችላት አብራት የምትኖረው ታላቅ እህቷ ናት፤ ትንሽ ስለሆነችና አንድ ቦታ ስለማትቀመጥ። እህትየው ነርስ ናት። ራት ላይ የታናሿን ፊት አይታ፣ «ተይው በቃ፤ ሌላ ሥራ ጠፋ?» አለቻት።

«አልተውም።»

«ካልፈለጉትስ?»

«ምን እንደሚፈልጉ መቼ ጠየቅኳቸው?» አለች ድንቢጥ፤ ከአፏ የወጣውን ስትሰማ ራሷም ደነገጠች። እውነትም ጠይቃቸው አታውቅም። አንድ ሳይንቲስት ጠዋት ገብቶ ማታ እስኪወጣ ምን ሲያደርግ እንደሚውል አንድ ቀን እንኳ አላየችም።

በማግስቱ ወንበሯን ተሸክማ ላቦራቶሪ ገባች።

ዋጉን ያገኘችው እዚያ ነው። ዋግ ስንዴ ቅጠል ላይ እንደ ዝገት የሚወጣ በሽታ ነው፤ ልጁ ከዚያ ሌላ ወሬ ስለሌለው ባልደረቦቹ ስሙን ትተው ዋጉ ይሉታል። መስታወት ቤቱ ውስጥ በችግኞች መሃል አጎንብሶ፣ እስክሪብቶ በጥርሱ ነክሶ፣ ቅጠል በማጉያ መነጽር ያያል።

«ብርሃኑን ጋረድሽኝ» አላት ቀና ሳይል።

«ይቅርታ፣ እኔ እኮ...»

«አውቅሻለሁ። የዚያ ነገር ባለቤት ነሽ።» እስክሪብቶውን ከአፉ አወጣ። «አንድ ቅጠል ለመመዝገብ ሰባት ጥያቄ የሚጠይቀው።»

«ሰባት ይበዛል?»

«እስቲ እጄን እዪው!» አለና ጭቃና ውሃ የጠጣ ጓንቱን አነሳላት። «በዚህ ልጻፍ?»

ድንቢጥ ሳቋ መጣ። ልትውጠው ብትሞክርም አመለጣት። እሱም ይሄኔ ቀና ብሎ አያት፤ እያያትም ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሥራ የበዛበት ሰው መስሎ ወደ ቅጠሉ ተመለሰ፤ ግን ያንኑ ቅጠል እንደገና ከመጀመሪያው መቁጠር ነበረበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሯ ከእሱ ጠረጴዛ አልራቀም። ለሥራ ነው ትላለች፤ እህቷ ደግሞ «አዎ፣ አዎ፣ ለሥራ» ትላታለች። ዋጉ መጀመሪያ በየችግኙ ላይ በተንጠለጠለው ካርድ በማርከር ይጽፋል፤ ቀጥሎ ፎቶ ያነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ጓንቱን አውልቆ ያንኑ ሁሉ ኮምፒዩተር ላይ እንደገና ይገለብጣል። ድንቢጥ ይህን ስታይ ሰባቱን ጥያቄዎች ጠራርጋ ጣለቻቸው። በነሱ ፈንታ ፎቶው ብቻ ሲገባ ካርዱን አንብቦ የቀረውን ራሱ የሚሞላ አደረገችው።

የመጀመሪያው ፎቶ ተነብቦ ሲሞላ ዋጉ ጓንቱን አወለቀና እጇን ጨበጣት፤ መልቀቁን ግን ረሳው።

«እጄን» አለች ድንቢጥ።

«ምን?»

«እጄን መልስልኝ፤ እሠራበታለሁ።»

ከዚያ ደግሞ ተጣሉ። ዋጉ ያላለቀ ሥራውን ለሰው ማሳየት ሞቱ ነው።

«አምስት ላቦራቶሪ ፊት ራቁቴን ልቁም እንዴ?» አለ።

«ካለቀ በኋላማ ማን ምን ያግዝሃል? ካለቀ አለቀ!»

ሲነታረኩ ሰነበቱ። በመጨረሻ እሷው ተሸነፈችና ባለቤቱ ካልከፈተው ማንም የማያየው መሳቢያ ለእያንዳንዱ ሰው ሠራች። በማግስቱ ዋጉ መሳቢያውን ከፈተ፤ የከፈተው ለእሷ ብቻ ነበር። ውስጡ ያለው የዋግ ቆጠራ ነው፣ ግማሹ የተሰረዘ፣ ግማሹ የጥያቄ ምልክት። ድንቢጥ ስታነበው ዓይኗ እንባ አቀረረ። በዋግ ቆጠራ! ወይ ፍቅር፣ አያሳይህ የለም።

ክፍሉ ለአምስቱም ላቦራቶሪ እንደ አዲስ የሚከፈትበት ቀን ደረሰ። የምርምሩ ኃላፊ የሆኑት ዶክተር ቃል የማያባክኑ ሴት ናቸው። «በዚህ አዝመራ ካልሠራ እንዘጋዋለን» ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። ትልቁ ተስፋዋ ካርታው ነበር፤ የትኛው ዋግ የት እንደታየ ወዲያው የሚያሳይ ካርታ። መሥራቱን ለማየት ከጭንቅላቷ የፈጠረቻቸውን ናሙናዎች ታስገባበት ነበር። አንዷን፣ አዲስ የዋግ ዓይነት ብላ፣ ከአምስቱ አንዱ በሆነው በወንዝ ማዶው ላቦራቶሪ ስም፣ በሽታው ደርሶ በማያውቅበት ሸለቆ ላይ አስቀመጠቻት። ክፍሉ ሊከፈት ሲል ሌሎቹን አጠፋች። ይችን ረሳች።

ጠዋት ዋጉ ካርታውን ሲከፍት ሸለቆው ላይ ቀይ ነጥብ አየ። ሁለቴ አላሰበም፤ እሷ የሠራችውን ለምን ይጠራጠራል? ለዶክተሯ ነግሮ መኪና ይዞ በረረ። ገበሬዎቹን ሰብስቦ መድኃኒት ርጩ አላቸው፤ ረጩ። ከዚያ ማሳ ለማሳ ሲዞር ውሎ ደወለላት።

«አንድ የታመመ ቅጠል አጣሁ እኮ! ወንዝ ማዶዎቹም አናውቀውም ይላሉ። ማን ነው ያስገባው?»

ድንቢጥ ካርታውን ከፍታ አየች። ክው አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ምን አልሽ?»

«ለሙከራ የፈጠርኳት ናት። ማጥፋቱን ረስቼ...»

«ለማን ነገርሽ?» አላት።

«ላንተ ብቻ።»

«እንግዲያው ለማንም እንዳትናገሪ» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ልትናገር ቆርጣ ዶክተሯ ቢሮ ገባች። ዶክተሯ ግን ቀደሟት።

«ዋጉ ያለኝን ሰማሽ? ናሙናዋን ያስገባሁት እኔ ነኝ፣ ሌላ በሽታ አይቼ ዋግ መሰለኝ፣ ስሙንም አሳስቼ መዘገብኩ አለኝ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ! ከመስክ ሥራ አውጥቼዋለሁ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ያንቺ ሥራ ግን ንጹሕ ነው። ከሰዓት ሁሉንም ሰብስቤ ይቀጥላል እላቸዋለሁ።»

እውነቱን እንነጋገርና፣ ድንቢጥ ደስ አላት። ሥራዋ ተረፈላት! እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወጣች። ኮሪደሩ መሃል ስትደርስ ግን ዞራ ወደ መስታወት ቤቱ ሮጠች።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል» አለ ዋጉ።

«ይስማ! ዋግን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ዋግ መለየት ያቃተው ተብለህ ልትኖር ነው?»

«ለኔ ሌላ አዝመራ ይመጣል። ያንቺ ነገር ግን አንዴ ከተዘጋ መልሶ የሚከፍተው የለም።» ማጉያ መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ስለምወድሽ ነው! ገባሽ አሁን?»

ድንቢጥ ይህን ቃል ስንት ጊዜ ጠብቃዋለች፤ እንዲህ በጭቅጭቅ መሃል ይመጣል ብላ ግን አላሰበችም።

«እኔም እወድሃለሁ» አለች በቁጣ። «ቢሆንም አይሆንም! እዚያ ክፍል ውስጥ የገባውን እመኑት ብዬ ነው ሰዎቹን የጠራኋቸው። ገና ሲከፈት የኔንና ያንተን ውሸት ላስቀምጥበት?»

«ይዘጉታል እኮ።»

«ይዝጉታ!»

«እኔስ? ዶክተሯ ፊት ውሸታም ልታደርጊኝ ነው?»

ይህን አላሰበችውም። ዓይኖቹ ቀልተዋል። ልታቅፈውና ሁሉንም ነገር ልትተወው ትንሽ ነው የቀራት።

«አዎ» አለች። «ከፈለግክ ስብሰባው ላይ አትምጣ።»

ከሰዓት ዶክተሯ በጠረጴዛው ራስ ተቀምጠዋል። ሌሎቹ ላቦራቶሪዎች ግድግዳው ላይ ባለው ስክሪን ይታያሉ። ከነሱ መሃል የወንዝ ማዶው ኃላፊ አሉ፤ በዕድሜያቸው ከምርምራቸው አንድ ቁጥር እንኳ ለሰው አጋርተው የማያውቁ አዛውንት። ዶክተሯ ገና ሲጀምሩ ድንቢጥ ተነሳች።

«ዶክተር፣ ይቅርታ። ናሙናዋን የፈጠርኳት እኔ ነኝ።»

አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ነጥቧን አላጠፋቻትም። ሁሉም እያየ መስመር አሰመረችባትና ምን እንደሆነ ጽፋ ከሥሩ ስሟን አኖረች።

«ከዛሬ ጀምሮ ሁለተኛ ሰው አይቶ ካላረጋገጠው ምንም ነገር ካርታው ላይ አይወጣም። የኔም ቢሆን። መዝጋት ከፈለጋችሁ ዝጉት፤ የተደበቀ ነገር ይዞ ከሚቀጥል ይዘጋ።»

«ልጁ ታዲያ ምን ነበር የነገረኝ?» አሉ ዶክተሯ።

«ውሸት ነው የነገርኩዎት።» ዋጉ በሩ ላይ ቆሟል፤ ጓንቱን እንኳ አላወለቀም። «ለማን ብዬ እንደሆነ አትጠይቁኝ፤ ያስታውቃል።»

ስክሪኑ ውስጥ አንዱ ሳቁን አፈነ። ዶክተሯ አልሳቁም። ወደ ድንቢጥ ዞሩ።

«ሁለተኛ ሰው ያረጋግጥ አልሽ። ይህን ማረሚያሽንስ ማን አረጋገጠው?»

«እኔ» አለ ዋጉ። «ማሳውን ዞሬ አይቻለሁ፤ ዋግ የለበትም።» ጓንቱን አወለቀ፣ አጠገቧ መጣና ስሙን ከስሟ ሥር ጻፈ።

የወንዝ ማዶው አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሥራዬን ይዤ የኖርኩት ለምን መሰላችሁ? ሰው ሲሳሳት ይደብቃል ብዬ ነው። በስሜ የሌለ ናሙና ስላስገባሽብኝ ተቀይሜሻለሁ፣ ልጄ። ከሰኞ ጀምሮ ግን የኔን አስገባለሁ።» የተራራው ላቦራቶሪ ሰዎች ግን ስክሪናቸውን ዘግተው ወጡ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሱም።

«ክፍሉ ይቀጥላል» አሉ ዶክተሯ። «አንተ በዚህ አዝመራ መስክ አትወጣም፤ ስለ ውሸትህ። ብቻ ነገ ሁለታችሁም ሸለቆ ወርዳችሁ በከንቱ መድኃኒት ያስረጫችኋቸውን ሰዎች ይቅርታ ትጠይቃላችሁ።»

መንገዱ ረጅም ነው። ዋጉ መሪውን ጨብጦ መንገዱን ብቻ ያያል።

«ተቀይመሃል?» አለችው።

«አዎ።»

«በጣም?»

«አንቺን ላድን ብዬ ነበር እኮ።»

«እንዲህ አታድነኝ። አጠገቤ ሁንልኝ፣ ይበቃኛል።»

ትንሽ ሄደው ዋጉ እጁን ከመሪው አንስቶ እጇን ያዘ።

የመጀመሪያው ማሳ ባለቤት እጃቸውን አጣምረው የሚያዳምጡ አሮጊት ነበሩ። ድንቢጥ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ልጆቼን በሌለ በሽታ ቀኑን ሙሉ አስረጫችኋቸው በይኛ!» አሉ። «ደግ! ባትመጡስ ማን ያውቅባችሁ ነበር?»

«ማንም፣ እማማ» አለች ድንቢጥ። «ግን ሌላ ጊዜ በሽታው በእውነት መጥቶ ብንነግርዎ እንዲያምኑን እንፈልጋለን።»

አሮጊቷ ንዴታቸው አልወጣላቸውም፤ ግን ከቀሚሳቸው ኪስ ስልክ አወጡ።

«እኔም ካየሁ ልደውል። የማንን ቁጥር ልያዝ? ባልና ሚስት ናችሁ አይደል?»

ዋጉ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ገና ነን» አለች ድንቢጥ።

ዋጉ ቀና አለ። «ምን አልሽ?»

«ሰምተሃል።»

አሮጊቷ አንዴ እሷን አንዴ እሱን አዩ። «እንግዲያው የሁለታችሁንም እይዛለሁ» አሉ። «በል ያንተን ንገረኝ።»

ዋጉ የገዛ ስልኩን ቁጥር ሁለት ጊዜ አሳስቶ ተናገረ። ያረመችለት ድንቢጥ ናት።