ያረጀ መልስ

ወንድሜ ጠዋት ደውሎ «ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ቁርጡን ትነግሪኛለሽ» አለኝ። «ሥራው ከዛሬ በኋላ አይጠብቅሽም። እማዬ ደግሞ ክፍልሽን አዘጋጅታ ጨርሳለች።»

«እሺ» አልኩት። እሺ ማለት ከብዶኝ አያውቅም። የሚከብደኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው።

ሰባት ዓመት ሩቅ አገር ተምሬ ከተመለስኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። እናቴና ወንድሜ እዚያው ናቸው። እኔ «ትንሽ ልየው» ብዬ መጣሁና አንድ የነርሶች ማሠልጠኛ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ። ልመለስ ወይስ ልቅር? በቀን ሦስት ጊዜ ሐሳቤን እለውጣለሁ።

ያን ቀን ግን ለማመንታትም ጊዜ አልነበረኝም። ማሠልጠኛው ምድር ቤቱን ጨምሮ ሦስት ፎቅ ነው፤ የኢንተርኔት መስመሩ ደግሞ እንደ ክር የቀጠነ፣ ያውም አንድ። ተማሪዎቹ ሁሉ ያንኑ የልብ ሥዕል በአንድ ጊዜ ሲከፍቱ ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ስለዚህ ለነገ ጠዋት ትምህርት በየፎቁ አንድ ፕሮክሲ ልናስነሣ ነው። ፕሮክሲ በአጭሩ ወኪል ነው። የሁሉንም ጥያቄ ይቀበላል፤ ገጹን ከውጭ አንድ ጊዜ ብቻ ያመጣና ቅጂውን እጁ ላይ አስቀርቶ ለጠየቀው ሁሉ ያድላል።

ልናስነሣ ነው ያልኩት እኔና ቀስበል ነን።

ቀስበል የጥገና ሠራተኛው ነው። ሽቦ ሲስብም፣ መሰላል ሲወጣም፣ እምቢ ካለ ማሽን ጋር ሲነጋገርም «ቀስ በል፣ ቀስ በል» ስለሚል እውነተኛ ስሙ ተረስቶ ቀረ። ወርክሾፑ ከሕንፃው ጀርባ ነው። በስምንት ወር ውስጥ ፊት ለፊት ያወራነው በጣት ይቆጠራል፤ ምክንያቱም የጥገና ጥያቄ የሚቀበሉት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እትዬ ናቸው። «አራተኛው ኮምፒውተር አልነሣ ብሏል በሉልኝ» እላቸዋለሁ። «ተነሥቷል በሏቸው ብሏል» ይሉኛል።

አንድ ቀን፣ ገና በመጣሁ በሁለተኛው ወር፣ እንደ ዋዛ «ያ የጥገናው ሰውዬ ባለትዳር ነው እንዴ?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ቀለበት አስሯል» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ በበሩ ሲያልፍ ባየሁት ቁጥር ሥራ ይበዛብኛል።

ሥራውን የጀመርነው ከምድር ቤቱ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ነው። እዚያ ያለው ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት የተጫነበት ዕድሜ ጠገብ ኮምፒውተር ነው፤ ሥዕል የለው፣ ጠቅ የሚደረግ ቁልፍ የለው፣ ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ መጻፍ ብቻ።

«እርስዎ ይበሉ፣ እኔ እጽፋለሁ» አለ ቀስበል፤ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

አንድ በአንድ ነገርኩት። ፕሮግራሙን ጫነ፣ ቅጂዎቹ የሚቀመጡበትን ቦታ ለየ፣ ተማሪዎቹ ወደ ወኪሉ የሚገቡበትን የበር ቁጥር ጻፈ። መጨረሻ ላይ «አስነሣው» ስለው የማያውቀው ቤት ደወል እንደሚጫን ሰው በአንድ ጣቱ «ኢንተር» የሚለውን ቁልፍ ነካ።

«ተነሥቻለሁ ይላል!»

«ማለቱን ይላል። እንፈትነው።»

ጎን ባለው ኮምፒውተር የልብ ሥዕሉን ከፈትን። የመጀመሪያው ጊዜ ትዕግሥት አስጨረሰን። በሁለተኛው፣ በሌላ ኮምፒውተር ስንከፍተው፣ ዐይን ሳይጨፈን ድቅን አለ።

«ኧረ!» አልን ሁለታችንም፤ እኩል ዞረን እየሳቅን ተያየን። ሳቃችን ቆመ፣ ዐይኑ ግን ከእኔ ላይ አልተነሣም።

መላ ሲጠፋኝ «እርስዎ አትበለኝ ባክህ፤ አሮጊት አደረግከኝ» አልኩት።

«እሺ፣ ከእንግዲህ አልልዎትም።»

ያለው ነገር ቆይቶ ለራሱ ጆሮ ሲደርሰው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ ሳቅኩ።

«ጸጥታ!» አሉ እትዬ ከጥግ። «ቤተ መጻሕፍት እኮ ነው!»

ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሉት ዊንዶውስ ናቸው። እዚህ ትእዛዝ መጻፍ የለም፤ ፋይሉን ሁለት ጊዜ ጠቅ፣ ከዚያ «ቀጥል»፣ «ቀጥል»፣ «ጨርስ»። የኮምፒውተሩ መከላከያ ፕሮግራም «ይህን ላስገባው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ ፈቀድን። እኔ ዋናውን ሳስተካክል ቀስበል አሥራ ሁለቱን የተማሪ ኮምፒውተሮች እየዞረ የወኪሉን አድራሻ ሞላባቸው። አንዱም አልከፈተም።

አጎንብሼ የጻፈውን አየሁ። 127.0.0.1። እኔ ምድር ቤት ለሙከራ የጻፍኩትን ከወረቀቴ ላይ ገልብጦታል።

«ይሄ አድራሻ እኮ ‘እኔው ራሴ’ ማለት ነው» አልኩት እየሳቅኩ። «አሥራ ሁለቱም ራሳቸውን ነው እየጠየቁ ያሉት!»

«ራሳቸው ታዲያ ምን ይሏቸዋል?»

«እኔ ጋ የለም።»

«ምስኪኖች» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «እንደ እኔው።»

«እንዴት?»

«ምንም። ትክክለኛውን አድራሻ ይስጡኝ።»

ሰጠሁት። አሥራ ሁለቱም ተራ በተራ ቦግ፣ ቦግ ሲሉ እንደ ልጅ አጨበጨብኩ። ምሳ ሰዓት ማለፉን ያወቅነው ኮሪደሩ ጭር ሲል ነው፤ ግን ማን ሊበላ። ደረጃውን ወደ ሦስተኛው ፎቅ ሁለት ሁለት እየዘለልን ወጣን።

ሦስተኛው ፎቅ የአዋላጆች ክፍል ነው። እዚያ ያለው በስጦታ የመጣ ማክ የሚባል ኮምፒውተር ነው። ውብ ነው፣ ኩሩ ነው፣ የሚፈለገውን ሁሉ ደብቆ ነው የሚያስቀምጠው። ትእዛዙ የምድር ቤቱን ይመስላል፤ ፋይሎቹ የሚገኙት ግን ሌላ ቦታ ነው፤ ደግሞ ለብቻው ካልነገሩት ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲበራ ወኪሉን አያስነሣም። ነገርነው። ተነሣ። ሰዓቴን ሳይ ለአሥር ሩብ ጉዳይ ይላል።

ለመጨረሻ ሙከራ የማሠልጠኛው ድረ ገጽ ላይ «ሙከራ አንድ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከፈትነው፣ መጣ። ከዚያ አጥፍቼ «ሙከራ ሁለት» ብዬ ቀየርኩት። ማኩ አሁንም «ሙከራ አንድ» አለ። ደግመን ብንጠይቀውም ያው ነው።

«ይዋሻል እንዴ?» አለ ቀስበል።

«አይዋሽም። የሰማውን ነው የሚናገረው፤ የሰማው ግን ቆይቷል። ምንጩ ጋ ነገሩ ተለውጧል፣ እሱ ያረጀውን መልስ ይዞ ቁጭ ብሏል።»

እጁ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ። የግድግዳው ሰዓት ሲመታ ይሰማኛል።

«እንደ እትዬ» አለ።

«ማለት?»

«ጠይቄያቸው ነበር። ስለ… ስለ እርስዎ። ‘ትቆያለች ወይ?’ ብዬ። ‘አትቆይም፣ ሻንጣዋን እንኳ አልፈታችም’ አሉኝ።»

«መቼ?»

«ስድስት ወር ይሆነዋል።»

እውነት ነው፤ እንዲያ ብያቸው ነበር፣ በመጣሁ በሳምንቴ። ሻንጣውን ከፈታሁት ግን አምስት ወር አልፏል፤ ልብሴ በሙሉ ቁምሳጥን ውስጥ ነው። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለወንድሜ ቀርቶ ለራሴም።

«እኔም ጠይቄያቸዋለሁ» አልኩ፤ ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ቀለበት አስሯል አሉኝ።»

«እኔ?» ብድግ አለ። «ያ እኮ ፈረሰ! ሁለት ዓመት አለፈው! ልጅቷ ሌላ አግብታ ወልዳለች፣ ለክርስትናውም ጠርታኛለች!»

«እትዬ አልሰሙማ።»

«አልሰሙም!» አለና ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን አቆመ። «አሁን ይሄ በምን ይስተካከላል?» ስለ ማኩ ይሁን ስለሌላው አልገባኝም።

«ወኪሉን ትቶ ቀጥታ ምንጩን መጠየቅ ነው» አልኩ።

ተቀመጠ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ከዚያ ዐይኔን እያየ፣

«ትሄጃለሽ?» አለኝ።

ትሄጃለሽ። በስምንት ወር ውስጥ የመጀመሪያዋ አንቺታ። የቃሏ መጨረሻ ላይ ያለችው ያቺ ትንሽ «ሽ» ደረቴ ውስጥ ገብታ የምትቀመጥበት አጣች።

«እኔ እኮ በቀን ሦስት ጊዜ ሐሳቤን የምለውጥ ሰው ነኝ» አልኩት።

«ይሁና። ሦስቴም እጠይቅሻለሁ።»

ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው።

«እህ፣ ቲኬቱን ልቁረጥ?»

«አትቁረጥ። አልመጣም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ስለ ከርሞ አላውቅም። ስለ ዛሬ እርግጠኛ ነኝ።»

ሲተነፍስ ሰማሁት። «ለእማዬ አንቺው ንገሪያት። እኔ የለሁበትም» አለና ስልኩን አቀበላት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች እናቴ ገና ሳልናገር። «ድምፅሽ ተለውጧል።»

«ምንም አልሆንኩም እማዬ። እዚሁ ልቀር ነው።» ያዘጋጀችው ክፍል ትዝ አለኝ። «አጠገቤ ሰው አለ» አልኳት።

ቀስበል ለጨዋነት ብሎ ሊወጣ ተነሣ። እጁን ያዝኩት። ሽቦ ያሻከረው፣ ሞቅ ያለ እጅ ነው።

«ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ።

ቀና ብዬ አየሁት። ልመልስላት አፌን ከፈትኩና ተውኩት።

«እሱን ጠይቂው» አልኳት፤ ስልኩንም ሰጠሁት።

«አቤት፣ እናቴ» አለ። እጄን ግን አልለቀቀም።